መግለጫውን ይተዉት፣ ጠረጴዛውን ያጥብቡት

ጥያቄ፦ «በአንድ የፖሊሲ ጥናት ተቋም ውስጥ የውይይት መርሐ ግብር አስተባባሪ ነኝ። ቦርዳችን ‹ግጭት፣ ኢነርጂና ሰው ሠራሽ አስተውሎት› በሚል ርእስ የሁለት ቀን ዓለም አቀፍ ጉባኤ እንዳሰናዳ አዞኛል። 150 ተጋባዦች ይኖራሉ፤ ባለሥልጣናት፣ የቀድሞ አምባሳደሮች፣ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ኃላፊዎችና ምሁራን። በመጨረሻው ቀን የጋራ መግለጫ ይወጣል። የሐሳብ ሰነዳችን መነሻ ‹በኢነርጂ የተሳሰሩ አገሮች አይዋጉም፤ ቴክኖሎጂውም እንዲሁ ሊያስተሳስራቸው ይችላል› የሚል ነው። ነገር ግን ባለፉት ሁለት ጉባኤዎች ያወጣናቸውን መግለጫዎች ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ውይይት ግጭት አስቀርቶ ያውቃል? ሦስቱን ጉዳይ በአንድ ጉባኤ ማንሣትስ ይበጃል ወይስ መነጣጠል?»

ምላሽ፦ ከሐሳብ ሰነዱ ልጀምር፤ መነሻው ከተንጋደደ ተጋባዡም፣ አጀንዳውም፣ መግለጫውም አብሮ ይንጋደዳልና። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«በኢነርጂ የተሳሰሩ አይዋጉም» ለሚለው እምነት ዘወትር የሚጠራው ምስክር የአውሮፓ የድንጋይ ከሰልና ብረት ማኅበረሰብ ነው። የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮቤር ሹማን ሐሳቡን ሜይ 9 ቀን 1950 ይፋ አደረጉ፤ በቀጣዩ ዓመት ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ቤልጅየም፣ ኔዘርላንድስና ሉክሰምበርግ ፓሪስ ላይ ፈረሙ። ይህን ታሪክ የሚጠቅሱ ሰዎች ንግዱን ያነሡና ዋናውን ነገር ይዘሉታል። ጀርመንና ብሪታንያ ከ1914 በፊትም አንዱ ለሌላው ትልቅ ገበያ ነበሩ፤ ንግዱ ግን ከጦርነት አላዳናቸውም። በ1951 አዲስ የሆነው ነገር ከአባል መንግሥታቱ በላይ የተቀመጠ፣ ውሳኔው የሚያስገድድ የጋራ አስተዳዳሪ አካል መቋቋሙና ክርክር ሲነሣ የሚዳኝ ፍርድ ቤት መኖሩ ነው። በዚያ ላይ የድንጋይ ከሰልና ብረት በዘመኑ የጦር መሣሪያ መሥሪያዎች ነበሩ። በጋራ ዐይን ሥር ሲውሉ አንዱ ከሌላው ተደብቆ ሊታጠቅባቸው አይችልም። ሰላሙን የረዳው ይህ አሠራር ነው እንጂ የከሰል ግብይቱ ብቻውን አይደለም።

ሁለተኛው ምስክር ደግሞ ፊት ለፊት ይቃወማችኋል። ሩሲያና ምዕራብ አውሮፓ ከሶቪየት ዘመን ጀምሮ በተዘረጉ የጋዝ ቧንቧዎች ለአሥርተ ዓመታት ተሳስረው ኖረዋል፤ በ2021 የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ ከሚያስገባው ጋዝ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ከሩሲያ የሚመጣ ነበር። ይህ ሁሉ ትስስር የ2022ን የዩክሬን ጦርነት አላስቀረም። እኔ እንደማነበው፣ ሁለቱም ወገኖች ትስስሩን የተረጎሙት ለየራሳቸው በሚመች መንገድ ነው፤ ገዢው «ገንዘቤን ስለሚፈልግ አይደፍርም» አለ፣ ሻጩ ደግሞ «ብርዱን ስለሚፈራ አይቀጣኝም» አለ። በ2006 እና በ2009 በሩሲያና በዩክሬን የዋጋ ክርክር ምክንያት ጋዙ ሲቋረጥ ማስጠንቀቂያው ተሰምቶ ነበር። ከሁለቱም በላይ የሆነ የጋራ አስተዳዳሪ ግን ማንም አልተከለም።

ስለዚህ ያንን ዐረፍተ ነገር ከሰነዱ አውጡት። ተጋባዦቻችሁ መካከል ስለ ጋዝ የሚያውቅ አንድ ሰው ካለ በመጀመሪያው ሻይ ዕረፍት ላይ ያፈርሰዋል። ኢነርጂ ባላንጣዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጣል ብትሉ ግን ልክ ናችሁ፤ ኦክቶበር 27 ቀን 2022 ሊባኖስና እስራኤል፣ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ሳይኖራቸውና ፊት ለፊት ሳይፈራረሙ፣ በአሜሪካ አደራዳሪነት የባሕር ወሰናቸውን አካለዋል። ከባሕሩ በታች ያለው ጋዝ ሁለቱንም አጓጉቷቸዋል። ዓመት ሳይሞላው ግን በዚያው ድንበር የየብስ ውጊያ ተቀሰቀሰ። ስምምነቱ የባሕሩን ነገር ፈታ፣ ከዚያ ያለፈ ሸክም አልተሸከመም። ከኢነርጂ ዲፕሎማሲ መጠበቅ ያለብን ይህንኑ ያህል ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። «ውይይት ግጭት አስቀርቶ ያውቃል?» በሚል መልኩ ከተጠየቀ መልስ የለውም፤ ያልፈነዳ ጦርነት ለምን እንዳልፈነዳ የሚመሰክርለት የለምና። ጥያቄውን እንዲህ ያዙሩት፦ መሪዎች ለመስማማት የተዘጋጁበት ቀን ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ የሚያገኙትን ወረቀት ማን ጻፈው? ማንስ ሲያብላላው ቆየ? እንዲህ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ነው።

በ1957 በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ግዛት፣ ፓግዎሽ በምትባል አነስተኛ የዓሣ አጥማጆች መንደር 22 ሳይንቲስቶች ተሰበሰቡ። ከሁለት ዓመት በፊት በርትራንድ ራስልና አልበርት አንስታይን ከሌሎች ሳይንቲስቶች ጋር ስለ ኒውክሌር ጦርነት አደጋ ባወጡት ጥሪ መነሻነት ነበር የተገናኙት፤ ከመካከላቸው አሜሪካውያንም ሶቪየቶችም ነበሩበት። አንዳቸውም መንግሥታቸውን ወክለው አልመጡም። በዚያን ጊዜ የሁለቱ ኃያላን ዋና ንትርክ የኒውክሌር ሙከራን ስለ ማገድ ነበር፤ ትልቁ እንቅፋት ደግሞ ከመሬት በታች የተደረገን ፍንዳታ ከመሬት መንቀጥቀጥ እንዴት መለየት ይቻላል የሚለው ሆነ። አሜሪካ መርማሪ ልላክ ትላለች፣ ሶቪየት ስለላ ነው ትላለች። በ1962 በለንደኑ የፓግዎሽ ጉባኤ ላይ የሁለቱም አገር ሳይንቲስቶች አንድ መላ ይዘው ቀረቡ፤ የታሸገና ማንም ሊነካካው የማይችል የመሬት ንዝረት መመዝገቢያ ሣጥን በየአገሩ ይቀመጥ፣ መርማሪም ያን ያህል አያስፈልግም የሚል። ሐሳቡ በፍጥነት ወደ መንግሥታቱ ድርድር ገባ።

ከዚያ የሆነው ለእርስዎ የበለጠ ትምህርት አለው። ሣጥኑ የመርማሪዎቹን ብዛት ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አላስቀራቸውም። ሶቪየት በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጉብኝት ስትል አሜሪካ ሰባት አለች። በሦስትና በሰባት መካከል ያለው ልዩነት የሳይንስ ጥያቄ አልነበረም፤ ፖለቲካ ነበር፣ እሱን ደግሞ የትኛውም ምሁር ሊሞላው አልቻለም። ስለዚህ በ1963 የተፈረመው ስምምነት በከባቢ አየር፣ በሕዋና በውኃ ውስጥ የሚደረጉ ሙከራዎችን ብቻ አግዶ የከርሰ ምድሩን ተወው። ሁሉንም የሚያግደው ስምምነት እስከ 1996 ዘገየ፤ እሱም ቢሆን ዛሬ ድረስ ሥራ ላይ አልዋለም። ባለሙያዎች ጭጋጉን ይገፍፋሉ፤ ጭጋጉ ሲገፈፍ የሚታየውን ገደል ግን መሻገር የሚችሉት ፖለቲከኞች ናቸው።

በሙያው ቋንቋ የባለሥልጣናቱ ድርድር ትራክ አንድ፣ እንዲህ ያለው ኢመደበኛ ውይይት ትራክ ሁለት ይባላል፤ ስያሜውን በ1981 ያስተዋወቀው ጆሴፍ ሞንትቪል የተባለ አሜሪካዊ ዲፕሎማት ነው። በመካከላቸው ባለሥልጣናት በግል ስማቸው የሚቀመጡበት ትራክ አንድ ተኩል አለ። ይህን የማነሣው ለቃላት ፍቅር አይደለም። 150 ሰው፣ ሚኒስትሮች፣ ካሜራና መግለጫ ያለበት መድረክ ከሦስቱም አይደለም። የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ነው። የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ነውር የለውም፤ ነውሩ በዚያ ስም ገንዘብ ጠይቆ «ግጭት እንከላከላለን» ማለት ነው።

ትራክ ሁለት የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ኦስሎን ያስቡ። በጃንዋሪ 1993 ሁለት እስራኤላውያን ምሁራንና የፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅት ሰዎች ኖርዌይ ውስጥ በአንድ የጥናት ተቋም ሽፋን መገናኘት ጀመሩ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ሲቀላቀሉ ነገሩ ምሁራዊ መሆኑ አበቃ፤ ሴፕቴምበር 13 ቀን ስምምነቱ ዋሽንግተን ላይ ተፈረመ። ዘጠኝ ወር አልሞላም። ፍጥነቱ የሚያስደንቀውን ያህል ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ኢየሩሳሌም፣ ስደተኞች፣ ሰፈራዎችና ድንበር ወደ ኋላ ተገፉ፣ ሁለቱም ሕዝቦች ነገሩን የሰሙት ካለቀ በኋላ ነበር። ጠባብ ክፍል ውስጥ የተገኘ መተማመን ከክፍሉ ሲወጣ አብሮ አይወጣም። ምስጢራዊነት ዋጋ አለው፣ ዋጋውም የሚከፈለው በኋላ ነው።

አሁን ሦስቱን ጉዳዮች ስለ ማጣመር። እውነት ነው፣ ሦስቱ በተጨባጭ ተጣብቀዋል። የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ግምት እንደሚያሳየው በ2024 ሰው ሠራሽ አስተውሎትም የሚሠራባቸው የዓለም የዳታ ማዕከላት ወደ 415 ቴራዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ተጠቅመዋል፤ ይህ ከዓለም የኤሌክትሪክ ፍጆታ 1.5 በመቶ ገደማ ነው። በ2030 ወደ 945 ቴራዋት ሰዓት እንደሚደርስም ይገምታል፤ ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። አሜሪካ በኦክቶበር 2022 የረቀቁ የኮምፒውተር ቺፖች ለቻይና እንዳይሸጡ ገደብ ጣለች፤ ቻይና ደግሞ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለቺፕ መሥሪያ የሚውሉትን ጋሊየምና ጀርማኒየም የተባሉ ማዕድናት ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ አደረገች። ከቺፑ ጀርባ ማዕድኑ፣ ከማዕድኑ ጀርባ ኤሌክትሪኩ፣ ከሁሉም ጀርባ ፉክክሩ አለ።

ነገር ግን ጉዳዮች በዓለም ላይ መያያዛቸው በአንድ አጀንዳ ላይ ይያያዙ ማለት አይደለም። ጉዳይን ከጉዳይ ማያያዝ የሚጠቅመው በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች አንዱን ሰጥተው ሌላውን መቀበል የሚያስችል ሥልጣን ሲኖራቸው ነው። በ1975 ሄልሲንኪ ላይ 35 አገሮች የጸጥታን፣ የኢኮኖሚን እና የሰብአዊ ጉዳዮችን ‹ቅርጫት› የተባሉ ክፍሎች አንድ ላይ አሥረው ሲፈርሙ፣ ሶቪየት የአውሮፓን ድንበሮች መጽናት ለማግኘት ስለ ሰብአዊ መብት የተጻፈውን ተቀበለች። ሰጥቶ መቀበል ይህ ነው። የእናንተ ተጋባዦች ምን ሊሰጡ ይችላሉ? ምንም። ስለዚህ ሦስቱ ጉዳዮች ሦስት ፓናል ይሆናሉ፣ ሦስት ፓናል ደግሞ ሦስት ትይዩ ንግግር ይሆናል። አደራዳሪው ስለ ተኩስ አቁም፣ መሐንዲሱ ስለ ኤሌክትሪክ ጭነት፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ስለ ሞዴል ያወራሉ፤ ሁሉም ይጨበጨብላቸዋል።

እግረ መንገዴን አንድ የቃል ወጥመድ ልጠቁም። እኛ «ደህንነት» ስንል ከድንገተኛ አደጋ መጠበቅንም ከጠላት መጠበቅንም በአንድ ቃል እንጠራለን፤ ቻይንኛም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ ግን ሁለት ቃል አለው፤ ለመጀመሪያው «ሴፍቲ»፣ ለሁለተኛው «ሴኩሪቲ»። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ የሚደረግ ውይይት ውስጥ ግማሹ ክፍል «ማሽኑ እንዳይሳሳት» እያለ ግማሹ «ማሽኑን ጠላት እንዳይወስደው» እያለ ቀኑን ሙሉ የተግባባ ሲመስለው አይቻለሁ። አስተርጓሚዎቻችሁን ከስብሰባው አንድ ቀን በፊት ከባለሙያዎቹ ጋር አስቀምጡና የሃያ ቃላት ዝርዝር ላይ ይስማሙ። ርካሽ ነው፣ ከየትኛውም የመክፈቻ ንግግር ይበልጥ ይጠቅማል።

ሦስቱ ጉዳዮች ያለ መፈክር የሚገናኙበት ቦታ ካስፈለጋችሁ የኤሌክትሪክ መረቡን ይያዙ። በ2015 አጋማሽ የ20 አገሮች ባለሙያዎችን የያዘ የተባበሩት መንግሥታት ቡድን፣ አሜሪካ፣ ሩሲያና ቻይና ባሉበት፣ አገሮች በሳይበር ሊያከብሯቸው የሚገቡ 11 ደንቦችን በስምምነት አወጣ፤ ከእነሱ አንዱ የሌላ አገር ወሳኝ መሠረተ ልማት ላይ ሆን ብሎ ጉዳት አለማድረስ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ደንቦቹን በዲሴምበር 2015 ተቀበላቸው። በዚያው ወር በ23ኛው ቀን ዩክሬን ውስጥ የሦስት ኤሌክትሪክ አከፋፋይ ኩባንያዎች ኮምፒውተሮች ተጠልፈው ወደ 225,000 የሚሆኑ ደንበኞች በክረምት ብርድ መብራት አጡ። ዩክሬንና ምዕራባውያን ሩሲያን ከሰሱ፤ ሩሲያ ካደች። ደንቡ ከንቱ ነበር ለማለት አይደለም፤ ቢያንስ ድርጊቱ ደንብ መጣስ ተብሎ የሚጠራበትን ስም ሰጥቷል። የጎደለው ከደንቡ ቀጥሎ ያለው ነው፤ መብራት በጠፋ በመጀመሪያው ሰዓት ማን ለማን ይደውላል? ብልሽት ነው? ጥቃት ነው? ወይስ ጭነቱን የሚቆጣጠረው ሶፍትዌር ራሱ ተሳስቶ ነው? መረቡን የሚመራው ሥርዓት ይበልጥ በራሱ እየወሰነ ሲሄድ ሦስተኛው ጥያቄ እየከበደ ይመጣል፣ መልስ ለመስጠት ያለው ጊዜም እያጠረ ይሄዳል።

ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ የተፈታባቸው መንገዶች አሉ፤ ሁለቱን ልጥቀስ፤ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መልክ ይወራል። በሞስኮና በዋሽንግተን መካከል አለ የሚባለው «ቀይ ስልክ» ስልክ አልነበረም። በኩባው የሚሳይል ቀውስ ማግስት፣ በ1963 የተዘረጋው መስመር የጽሑፍ መልእክት የሚያስተላልፍ ቴሌታይፕ ነበር። የተመረጠውም በምክንያት ነው፤ ድምፅ ያስቸኩላል፣ በትርጉም ይዛባል፣ ንዴት ይሰማበታል። ጽሑፍ ግን ያሰክናል። ሁለተኛው በ1972 አሜሪካና ሶቪየት የፈረሙት በባሕር ላይ የሚደርሱ ክስተቶችን የመከላከል ስምምነት ነው። የጦር መርከቦቻቸው እየተጠጋጉ፣ አልፎ አልፎም እየተጋጩ ያስቸግሩ ነበር። ስምምነቱ አንድም መርከብ አልቀነሰም፤ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ፣ በምን ምልክት እንደሚነጋገሩ፣ ምን ማድረግ እንደማይፈቀድ ወሰነ፣ የሁለቱ ባሕር ኃይሎች መኮንኖችም በየዓመቱ እየተገናኙ የዓመቱን አቤቱታ እንዲነጋገሩበት አደረገ። የዲፕሎማሲ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙም አይዘፍኑለትም። እኔ ግን ከብዙ ታላላቅ ስምምነቶች አስበልጠዋለሁ፤ ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነውና።

ስለ ጋራ መግለጫው ቆራጥ ልሁን፤ አታውጡ። አንድ ጊዜ የመጨረሻውን አንቀጽ ስናስተካክል ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖብን ያውቃል፤ ክርክሩ «ያሳስበናል» ይባል ወይስ «በጥልቅ ያሳስበናል» የሚል ነበር። በማግሥቱ ያ ወረቀት የተጠቀሰበት ቦታ የለም። ችግሩ የጊዜ ብክነት ብቻ አይደለም። መግለጫ እንደሚወጣ ያወቀ ተጋባዥ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ የሚናገረው ለመግለጫው ነው እንጂ ፊት ለፊቱ ላለው ሰው አይደለም። ሁሉም የሚስማማበት ጽሑፍ ደግሞ እምቢ ባዩ በሚፈልገው መጠን የቀጠነ ይሆናል። በራሳቸው ዒላማ መርጠው የሚተኩሱ የጦር መሣሪያዎችን ጉዳይ ይመልከቱ። በጄኔቫ የተወሰኑ የጦር መሣሪያ ዓይነቶችን በሚገድበው ስምምነት ማዕቀፍ ውስጥ ከ2014 ጀምሮ ሲመከርበት ቆይቷል፤ አሠራሩ የሁሉንም ይሁንታ ስለሚጠይቅ በ2019 ከወጡት 11 መርሆዎች አልፎ አስገዳጅ ሕግ ላይ መድረስ አልቻለም። በ2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በድምፅ ሲወስን 166 አገሮች ደግፈው ሦስት ብቻ ተቃወሙ። ድምፁ የብዙኃኑን ፍላጎት አሳየ፤ መሣሪያውን ከሚሠሩት አንዱንም ግን አያስርም።

መንግሥታትም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም። በ2023 በእንግሊዝ ብሌችሊ ፓርክ ላይ 28 አገሮችና የአውሮፓ ኅብረት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አደጋ አንድ ሰነድ ሲያወጡ አሜሪካም ቻይናም ነበሩበት። በፌብሩዋሪ 2025 ፓሪስ ላይ በወጣው መግለጫ ግን አሜሪካና ብሪታንያ ስማቸውን አላኖሩም። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የከበደው በኖቬምበር 2024 በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ላይ የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደንና የቻይናው ሺ ጂንፒንግ የተስማሙበት አንድ ሐሳብ ነው፤ የኒውክሌር መሣሪያን የመጠቀም ውሳኔ በሰው እጅ እንደሚቆይ። አጭር ነው፣ አስገዳጅ አይደለም፣ ማረጋገጫ መንገድም የለውም። ነገር ግን የሁለቱ አገሮች ምሁራንና ጡረታ የወጡ ሹማምንት ከዚያ በፊት ለዓመታት በዝግ ሲመክሩበት የቆዩት ጉዳይ ስለነበረ መሪዎቹ ሲገናኙ ከባዶ አልጀመሩም።

እንግዲህ የምመክረው ይህ ነው። የ150 ሰው ጉባኤውን ሰርዙት፤ ቦርዱ የግድ ካለ ለብቻው እንደ ሕዝባዊ ዝግጅት አድርጉት። በገንዘቡ ከ18 እስከ 24 የሚሆኑ ሰዎችን፣ እነዚያኑ ሰዎች፣ በአሥራ ስምንት ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰብስቡ። ግማሾቹ የኤሌክትሪክ መረብ የሚያስተዳድሩ ወይም ያስተዳደሩ መሐንዲሶችና የሳይበር ጥበቃ ባለሙያዎች ይሁኑ፤ የተቀሩት ከባላንጣ አገሮች የመጡ፣ ሥልጣን ላይ ያልሆኑ ነገር ግን ባለሥልጣን ስልካቸውን የሚያነሣላቸው ሰዎች። ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፦ በውጥረት ጊዜ ትልቅ የመብራት መቋረጥ ሲደርስ ሁለቱ ወገኖች ጥቃትን ከብልሽት እንዴት ይለያሉ፣ በምንስ መንገድ ይነጋገራሉ? በመጀመሪያው ስብሰባ ጽሑፍ አታስቀርቡ። የታሰበ ክስተት ስጧቸው፣ ሰዓት ቁጠሩባቸው፣ ማን ምን እንደሚጠይቅ ተመልከቱ። መሐንዲሶች ፊት ለፊት አንድ ችግር ሲያገኙ ባንዲራቸውን ይረሳሉ። በ2015 የኢራን የኒውክሌር ስምምነት ድርድር ሲጠና የአሜሪካው የኢነርጂ ሚኒስትር ኧርነስት ሞኒዝና የኢራን አቶሚክ ኃይል ድርጅት ኃላፊ አሊ አክባር ሳሌሂ፣ ሁለቱም የኒውክሌር ዕውቀት ያላቸውና ከአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጋር ትውውቅ ያላቸው ሰዎች፣ ዲፕሎማቶቹን ያስቸገሩ ቴክኒካዊ ቋጠሮዎችን የፈቱት እንዲህ ነው። ያ ስምምነት በ2018 አሜሪካ ስትወጣበት እንዴት እንደተናጋ ደግሞ አይዘንጉ፤ የቴክኒክ ሥራው ጥሩ መሆኑ ከፖለቲካ ነፋስ አላዳነውም።

ከመግለጫው ይልቅ የአወያዩን ማስታወሻ ጻፉ፤ ከአራት ገጽ ያልበለጠ፣ በእናንተ ኃላፊነት የወጣ፣ ማንም ያልፈረመበት። ያልተስማሙበትን ነገር በግልጽ አስቀምጡበት። አንድ መንግሥት ባላንጣው የት ላይ እንደማይለሳለስ በትክክል ማወቁ ትልቅ ትርፍ ነው።

ጥንቃቄዎቹ ብዙ ናቸው፤ የሚያስተኙኝን አልነግርዎትም፣ የሚያባንኑኝን ብቻ ልጥቀስ። «የቻተም ሃውስ ደንብ» የሚባለውን ከ1927 ጀምሮ ያለ አሠራር ብዙ ሰው ምስጢር መጠበቂያ አድርጎ ይረዳዋል። ደንቡ የተባለውን መጠቀም ይፈቅዳል፤ የሚከለክለው ማን እንዳለውና የየት ሰው እንደሆነ መግለጽን ነው። ሃያ ሰው ባለበት ክፍል አነጋገሩ ራሱ ባለቤቱን ያሳብቃል። ወደ አገሩ ሲመለስ ሊጠየቅ የሚችል ተሳታፊ ካለ ከዚህ የጠበቀ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ማስታወሻ የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ፣ የቡድን ፎቶግራፍ የለም፣ የተሳታፊ ዝርዝር አይታተምም።

የቴክኖሎጂና የኢነርጂ ኩባንያዎች ገለልተኛ ባለሙያ ሆነው አይቀርቡም፤ የሚሸጡት አላቸው። ይምጡ፣ ግን ወጪውን አይክፈሉ። ወጪውን ከአንዱ ተፎካካሪ መንግሥት መቀበልም እንዲሁ ሌላውን ገና ከበር ይመልሰዋል። በዚህ ላይ ስለ ቺፕም ሆነ ስለ መረብ ጥበቃ የሚደረግ ዝርዝር ቴክኒካዊ ውይይት በአንዳንድ አገሮች የወጪ ንግድ ቁጥጥርና የማዕቀብ ሕግ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፤ ጥፋቱን ሳያውቀው የሚፈጽመው ደግሞ ተጋባዡ መሐንዲስ ነው። የሕግ ባለሙያ አጀንዳውን አስቀድሞ ይመልከት። የመረቡን ትክክለኛ ድክመት የሚያሳይ ማንኛውም ነገር ከጠረጴዛው ይራቅ፤ ለውይይት የሚሆነው የታሰበ መረብ ነው።

ቦርዱ «ተጨባጭ ውጤት» ሲል ምን እንደሚመልሱለት ያስጨንቅዎት ይሆናል። ከአሥራ ስምንት ወር በኋላ ሊቆጠር የሚችለው ነገር ትንሽ ነው፦ ከስብሰባው ውጭ እርስ በርስ የሚደዋወሉ ስንት ሰዎች አሉ፣ ማስታወሻውን ያነበበ ባለሥልጣን አለ ወይ፣ ከሐሳቦቹ አንዱ በሌላ ሰው አንደበት ተነግሮ ተሰማ ወይ። የመጨረሻው ሲሆን ስማችሁ አይነሣም፤ ሥራው የሚሠራው እንደዚያ ነው። ይህን መሸከም የማይችል ቦርድ ከሆነ አሁኑኑ ቢያውቁት ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ያድርጉ። ግብዣ ከመላክዎ በፊት ከእያንዳንዱ ወገን ለምታስቧቸው ሁለት ሁለት ሰዎች ደውለው ይጠይቁ፦ «ይህ ማስታወሻ ሲጠናቀቅ በእጅዎ ለማን ያደርሱታል?» ስም ጠርተው ከመለሱ አዳራሹን ይያዙ። «ለሚመለከታቸው አካላት» ካሉዎት ቀኑን ያራዝሙና ሌላ ሰው ይፈልጉ።